ሳብዕ የሌለው ቋንቋ፦ የኤትሩስክኛ ድምፆችና የቃላት ምንጭ ፍለጋ

የሮማው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ14 ሊሞት ጥቂት ሲቀረው መብረቅ ሐውልቱ ላይ ወርዶ ከስሙ የመጀመሪያውን ፊደል አቀለጠው ይላል ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒዮስ። ስሙ በላቲን ካይሳር ነው፤ እኛ ቄሳር የምንለው። የጠፋው «ክ» በሮማውያን አኃዝ 100 ነው። ምልክት ፈቺዎቹም ሁለት ነገር ተናገሩ፦ ንጉሡ ከእንግዲህ 100 ቀን ብቻ ይኖራል፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ከአማልክት ጋር ይቆጠራል፤ «አይሳር» ብሎ የቀረው በኤትሩስካውያን ቋንቋ አምላክ ማለት ነውና።

የመብረቁን ነገር ለስዌቶኒዮስ እንተውለት። ቃሉ ግን እውነተኛ ነው። በመቃብርና በመሥዋዕት ጽሑፎች ላይ «አይስ» አምላክ፣ «አይሴር» ወይም «ኤይሴር» አማልክት ሆኖ እናገኘዋለን። መጨረሻ ላይ ያለችው «ር» የብዙ ቁጥር ምልክት ናት፤ ስዌቶኒዮስ ነጠላ አድርጎ የተረጎመው ብዙ ነበር ማለት ነው። የጥንት ጸሐፊዎች የሚሰጡን መረጃ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ቃሉን ያተርፉልናል፣ ሰዋስዉን ያስቱታል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው አንድ የኤትሩስክ ቃል ከየት መጣ፣ ወዴትስ ሄደ የሚባለውን እንዴት እንደምንፈትሽ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ማንኛውም የቃል ምንጭ መላ ምት መጀመሪያ በድምፅ ሕግ ይፈተን፤ የትርጉም መመሳሰል የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው በተገላቢጦሽ ይጀምራል፤ የሚሳሳተውም ለዚህ ነው።

ስለ ቋንቋው ባጭሩ። ኤትሩስክኛ የተነገረው በጣሊያን፣ ዛሬ ቶስካና በምንለው አገርና በዙሪያው ሲሆን፣ ከ700 ቅ.ል.ክ. ገደማ ጀምሮ እስከ አውግስጦስ ዘመን አካባቢ ተጽፏል። ወደ 13,000 የሚጠጉ ጽሑፎች አሉን። «ያልተፈታ ጽሕፈት» የሚባለው ስሕተት ነው። ፊደሉ ከግሪክ የተወሰደ ስለሆነ ማንም ተማሪ በአንድ ሳምንት ያነበዋል። ችግሩ ያነበብነው ምን ማለት እንደሆነ ነው። አብዛኛው ጽሑፍ የመቃብር ስም ነው፦ እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ ይህን ያህል ዓመት ኖሮ ሞተ። አንድ የውጭ አገር ሰው አማርኛን ከመቃብር ሐውልቶች ብቻ ቢማር «ልጅ»፣ «ዓመት»፣ «አረፈ» የሚሉትን አጥርቶ ያውቃል፤ «ቢላዋ» እና «ዝናብ» ግን አያገኝም። እኛም «ክላን» ወንድ ልጅ፣ «ሴክህ» ሴት ልጅ፣ «ፑያ» ሚስት፣ «አዊል» ዓመት፣ «ሉፑኬ» ሞተ ማለት እንደሆነ ያለ ጥርጥር እናውቃለን። ረጅሙ ጽሑፍ በግብፅ እሬሳ መገነዣ ሆኖ የተገኘው፣ አሁን በዛግሬብ ሙዚየም ያለው የተልባ እግር ጨርቅ መጽሐፍ ነው፤ ሊነበቡ የሚችሉት ቃላቱ ወደ 1,200 ይሆናሉ። እሱም የአምልኮ ቀን መቁጠሪያ ስለሆነ ተመሳሳይ ሐረጎችን ይደጋግማል።

አሁን ወደ ድምፆቹ። ለአማርኛ አንባቢ አናባቢዎቹን ማስረዳት ቀላል ነው። ኤትሩስክኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕና ኃምስ አለው፤ ማለትም ኡ፣ ኢ፣ አ፣ ኤ። ሳብዕ የለውም። «ኦ» ያለበት የግሪክ ቃል ሲገባ በካዕብ ይተካል። የብርሃን አምላክ አፖሎን «አፑሉ»፣ በኋላ «አፕሉ» ሆነ፤ ካስቶር «ካስቱር» ተባለ።

ተነባቢዎቹ ላይ ጉድለቱ የሚታየው ነዛሪ እግዶች (አየሩ ታግዶ፣ ጉሮሮ እየነዘረ የሚወጡ ድምፆች) ላይ ነው። ብ፣ ድ፣ ግ የሉም። በምትካቸው ሁለት ተርታ ኢነዛሪዎች አሉ፦ አንዱ ተራው ፕ፣ ት፣ ክ፤ ሌላው ትንፋሽ የሚከተለው፣ እዚህ ፕህ፣ ትህ፣ ክህ እያልሁ የምጽፈው። ይህን ከእኛ ጰ፣ ጠ፣ ቀ ጋር እንዳታምታቱት፤ የእኛዎቹ ፈንጂዎች ናቸው፣ ትንፋሽ የላቸውም። ግሪክም እንደ ኤትሩስክኛ ተራውንና ባለ ትንፋሹን ይለይ ነበር። የግእዝ ተርጓሚዎችም ያንን ልዩነት በራሳቸው መንገድ ሰምተውታል፦ ጢሞቴዎስ የሚለውን ስም ተመልከቱ፤ በግሪክ የመጀመሪያው ት ተራ፣ ሁለተኛው ባለ ትንፋሽ ነው። ተርጓሚዎቹ ተራውን በ«ጢ»፣ ባለ ትንፋሹን በ«ቴ» ጻፉት። ጴጥሮስና ማርቆስ ውስጥም ተራዎቹ ፈንጂ ሆነዋል። አንድ ቋንቋ የባዕድ ድምፅ ሲቀበል የሚመርጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ ባለው ማጣሪያ ያሳልፈዋል። የኤትሩስክኛ ማጣሪያ ደግሞ ብን ወደ ፕ፣ ድን ወደ ት፣ ግን ወደ ክ ይለውጣል። ታርኩዊኒያ በተባለው የኤትሩስክ ከተማ የተቀበረው ፌልስናስ 106 ዓመት እንደኖረ፣ ካፑዋ ላይም ከካርታጎው ጦር አዛዥ ከሃኒባል ጋር በተያያዘ ጦርነት እንደተሳተፈ መቃብሩ ይናገራል፤ የሃኒባል ስም እዚያ ላይ «ሃኒፓሉስክሌ» ተብሎ ተጽፏል። ብ ወደ ፕ ሲዞር ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር አያስፈልግም።

ከእነዚህ ሌላ ፍ፣ ህ፣ ል፣ ር፣ ም፣ ን፣ ው አሉ፤ ት እና ስ ተዋህደው የሚነገሩበት፣ ዜታ በተባለው የግሪክ ፊደል የሚጻፍ ድምፅም አለ፤ እኔ በልማዱ በ«ዝ» እጽፈዋለሁ። ስ እና ሽም ይለያያሉ፤ እዚህ ላይ ግን አንባቢን የሚጥል ወጥመድ አለ። ለሁለቱ ድምፆች የተመደቡት ሁለቱ ፊደሎች፣ ሲግማና ሳን፣ በደቡብና በሰሜን ኤትሩሪያ (በኤትሩስካውያን አገር) ሥራቸው የተገላቢጦሽ ነው። በደቡብ ሲግማ ስ፣ ሳን ሽ ነው፤ በሰሜን ሳን ስ፣ ሲግማ ሽ ነው። ድንጋዩ የተገኘበትን ከተማ ሳያጣሩ ማንበብ የጀመሩ ሰዎች አንዱን ቃል ሁለት ቃል አድርገው መዝግበውታል።

ፊደሉን በተመለከተ ማርሲሊያና ዳልቤኛ በተባለ የቶስካና ስፍራ የተገኘው ትንሽ የዝሆን ጥርስ ሰሌዳ ከ7ኛው ምእተ ዓመት ቅ.ል.ክ. የመጣ ሲሆን፣ በጠርዙ ላይ 26 ፊደሎች ተቀርጸውበታል። ብ፣ ድ እና ኦም ከነሱ መካከል አሉ። ቋንቋው ግን አይፈልጋቸውም፤ ተማሪው ይቆጥራቸዋል እንጂ አይጽፍባቸውም። «ግ» ደግሞ ሥራ ተሰጠው፦ «ክ» ሆነ። ስለዚህ በጥንታዊው የደቡብ አጻጻፍ ለአንዲት «ክ» ሦስት ፊደል ተገኘ፤ ከኤና ከኢ በፊት የቀድሞው ጋማ (ያው «ግ»)፣ ከአ በፊት ካፓ፣ ከኡ በፊት ቆፓ። ሮማውያን ፊደላቸውን ሲወርሱ ይህንንም አብረው ወረሱ። ላቲን ግን «ግ» የሚል ድምፅ ነበረው፤ ለዘመናት «ክ»ንም «ግ»ንም በአንድ ፊደል ሲጽፉ ኖረው በ3ኛው ምእተ ዓመት ቅ.ል.ክ. አንድ ጭረት ጨምረው አዲስ ፊደል ሠሩ፤ ሥራው ስፑሪዩስ ካርዊሊዩስ ሩጋ ለተባለ መምህር ይሰጣል። ጋይዩስ የሚለው ስም ሁልጊዜ በ«ክ» ፊደል የሚያጥረው የዚያ ዘመን ቅሪት ስለሆነ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ቃላት ምንጭ ስንሄድ ይፈለጋል። በነገራችን ላይ ያ ፊደል በፊንቄ ጊሜል የሚባለው ነው፤ የእኛው ገ (ገምል) የሩቅ ዘመዱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አናባቢ መውደቅ እንምጣ። ኤትሩስክኛ ቃሉን ሲናገር ኃይሉን የመጀመሪያው ቀለም ላይ ያሳርፋል። በመጀመሪያ በቃሉ መሐል ያሉት አናባቢዎች ይደበዝዛሉ። ጸሐፊው የሰማው ድምፅ የትኛው እንደሆነ ስለማይለይ ያው የሴት ስም ራማትሃ፣ ራሜትሃ፣ ራሙትሃ እየተባለ ይጻፋል፤ የወንድ ስም አዊሌም አዌሌ ይሆናል። ከዚያ በ5ኛው ምእተ ዓመት ቅ.ል.ክ. የመጀመሪያ አጋማሽ ገደማ ከናካቴው ይወድቃሉ። ራማትሃ ራምትሃ፣ አዊሌ አውሌ ሆነ (ላቲኑ አውሉስ የዚሁ ስም ነው)። «ቱሩኬ»፣ ሰጠ የሚለው ግስ፣ «ቱርኬ» ተባለ። ሜኔርዋ የተባለችው እንስት አምላክ ሜንርዋ ተብላ ተጻፈች።

እዚህ ላይ የራሳችን ፊደል ያስቸግረናል። የእኛ ሳድስ አናባቢ እንዳለውም እንደሌለውም ሊነበብ ይችላል፤ በዚህ ንግግር ውስጥ በኤትሩስክ ቃላት ላይ የማስቀምጠው ሳድስ ሁሉ ግን ፈጽሞ አናባቢ የለውም ብላችሁ ውሰዱት። ኤትሩስካውያንም ይህን ችግር አውቀውት ነበር። በ6ኛው ምእተ ዓመት ቅ.ል.ክ. ወዪና ካይሬ በተባሉ የደቡብ ኤትሩሪያ ከተሞች የነበሩ ጸሐፊዎች አናባቢ የማይከተለውን፣ ቀለሙን የሚዘጋውን ተነባቢ በነጥብ ያመለክቱ ነበር። የቀለም ነጥብ ይባላል። ለድምፅ አጥኚ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አንድ ሰው ከ2,500 ዓመት በፊት ቀለም የት እንደሚያልቅ ምልክት አድርጎ ተወልን።

የግሪክ ጀግኖች ስም የዚህ ሕግ መሞከሪያ ነው፤ መነሻውን እናውቃለን፣ መድረሻው በመስታወት ጀርባና በመቃብር ሥዕል ላይ ተጽፏል። ፖሊዴውኬስን እንውሰድና ደረጃ በደረጃ እናሳልፈው። ኦ ወደ ኡ ይዞራል፤ ድ ወደ ት ይዞራል፤ ኃይል ያላረፈበት ሁለተኛው አናባቢ ይወድቃል፤ የግሪኩ ጥንድ አናባቢ ኤው ወደ ኡ ይጠብባል፤ መጨረሻ ያለው ስ ይቀራል፤ «ፑልቱኬ»። ይህ በትክክል የተገኘው አጻጻፍ ነው። ፖሊኔይኬስ በዚሁ መንገድ «ፕሁልኒኬ» ይሆናል፤ መነሻው ላይ ያልተጠበቀ ትንፋሽ ገብቷል፤ ተራውና ባለ ትንፋሹ በተውሶ ቃላት ላይ ሁልጊዜ በሥርዓት አይሄዱምና። አሌክሳንድሮስ (የትሮያው ፓሪስ) «አልክሴንትሬ»፣ ከዚያም «ኤልክስንትሬ» ይሆናል። አታላንታ «አትልንታ»። ክሊታይምኔስትራ «ክሉትምስታ» ሆና ትቀራለች። እነዚህ የተነባቢ ክምሮች በአፍ ሊነገሩ አይችሉም ብሎ መደንገጥ አይገባም፤ ን፣ ም፣ ል፣ ር ያለ አናባቢ ራሳቸው ቀለም መሸከም ይችላሉ። ኤልክስንትሬ ውስጥ ን የአናባቢ ሥራ እየሠራች ነው።

ሌላ ሁለት ለውጥ ልጨምር። አንደኛው፦ አይ ወደ ኤይ፣ ከዚያም ወደ ኤ ይሄዳል። አያክስ የተባለው ጀግና አይዋስ፣ ኤይዋስ፣ ኤዋስ ተብሎ ይገኛል፤ ቀዳሚው የቤተሰብ ስም ካይክና ኋላ ኬይክና ነው፣ ሮማውያን ካይኪና ያሉት። አይሴርና ኤይሴር ለምን ሁለት ሆኑ ያላችሁ ካላችሁ መልሱ ይሄው ነው። ሁለተኛው፦ ሁለት ሰርናዊ (እንደ ም እና ን በአፍንጫ የሚወጡ) ድምፆች ጎን ለጎን ሲገጥሙ አንዱ ወደ ር ይሸሻል። ሜምኖን «ሜምሩን»፣ አጋሜምኖን «አክህሜምሩን» ሆነዋል።

ከዚህ ተነሥቶ ቀን የሌለው ጽሑፍ ዕድሜው ይገመታል። ባለሙያው መጀመሪያ የ«ክ» ፊደሎችን ያያል፤ ሦስቱም በቦታቸው ካሉ ጽሑፉ ጥንታዊ ነው። ቀጥሎ መሐል አናባቢዎችን ይቆጥራል፤ ቱሩኬ ካለ ከመውደቁ በፊት፣ ቱርኬ ካለ ከዚያ ወዲህ። ከዚያ አመልካች ተውላጠ ስሙን ያያል፤ ጥንት «ኢካ» የነበረው ኋላ «ኤካ» ነው። የሚያሳስተው የአምልኮ ጽሑፍ ነው። ካህን የድሮ አጻጻፍ ይወዳል፤ የቃሉ አጻጻፍ 5ኛውን፣ የፊደሉ ቅርጽ 3ኛውን ምእተ ዓመት ሲያሳይ ቅርጹን እመኑ፤ ጸሐፊው የአሮጌ ጽሑፍ ግልባጭ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ይህን ማጣሪያ ይዘን ወደ ላቲን እንግባ። ነገሩ የሚሠራው ላቲን ብ፣ ድ፣ ግ፣ ኦ ሁሉ ስላሉት ነው። የግሪክ ቃል በቀጥታ ወደ ላቲን ቢገባ ድ ት የሚሆንበት ምክንያት የለም። ድ ት ሆኖ ከተገኘ ቃሉ ድ በሌለው አፍ አልፎ መጥቷል። ምሳሌ፦ ቅርጫት በላቲን «ስፖርታ» ነው። ግሪኩ ስፑሪስ፣ ተሳቢ ሲሆን ስፑሪዳ። መሐሉ ኢ ወድቋል፣ ድ ት ሆኗል፤ «ስፑርታ» የሚል የኤትሩስክ ቅርጽ ባይገኝም በስሌት እንደርስበታለን። ሁለቱም ለውጦች የሚጠበቁ ናቸው፤ ትርጉሙም አልተነቃነቀም። ጥሩ ምንጭ ማለት ይህ ነው።

ጋኒሜዴስ የተባለው የአማልክት ጠጅ አሳላፊ በላቲን «ካታሚቱስ» ነው። መካከለኛው ደረጃ «ካትሚቴ» በኤትሩስክ ጽሑፍ ላይ ተገኝቷል። ግ ክ፣ ድ ት ሆነዋል። ን ለምን ት እንደሆነች ሕጉ አይመልስም፤ ቅርጹ ስለተገኘ ግን መንገዱ አያጠራጥርም። ከሕግም በላይ የተጻፈ ምስክር ይበልጣል።

የወይራ ዘይት አተላ በላቲን «አሙርካ» ይባላል፤ ግሪኩ አሞርጌ። ብዙ መጽሐፍ ይህንንም ከስፖርታ እኩል ያስቀምጠዋል። እኔ አላስቀምጠውም። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ ፊደል እዚህ ይፈለጋል፦ በጥንቱ ላቲን «ክ» እና «ግ» በአንድ ፊደል ይጻፉ ነበር። ሰርዊዩስ የተባለው የጥንት ሐታች አሙርካ በክ ተጽፎ በግ እንደሚነበብ ጽፏል። እንዲያ ከሆነ የድምፅ ለውጡ የለም፤ ያለው አሮጌ አጻጻፍ ነው። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ድ ወደ ት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ግ ወደ ክ ብቻውን ደካማ ነው።

የመሬት ቀያሾች መሣሪያ «ግሮማ» ከግሪኩ ግኖሞን እንደመጣ ይነገራል፤ እዚህ የሚያሳምነኝ ን ወደ ር መሸሿ ነው፣ በሜምሩን ያየነው ዓይነት። ላቲን ራሱን ችሎ ግኖሞንን ግሮማ የሚያደርግበት ልማድ የለውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው «ፔርሶና» ነው፤ በላቲን የተዋናይ ጭንብል፣ ኋላም በመላው አውሮፓ ሰው፣ ግለሰብ የሆነው። ጋዊዩስ ባሱስ የተባለ ሮማዊ ጭንብሉ ድምፅን አሳልፎ ስለሚያሰማ ከ«ፔር» እና «ሶናሬ» የተገኘ ነው ብሎ ነበር። ይጥማል፤ ግን አያልፍም። ፔርሶና ውስጥ ያለው ኦ ረጅም ነው፣ ሶናሬ ውስጥ ያለው አጭር፤ ላቲን ደግሞ በአናባቢ ርዝመት የማይቀልድ ቋንቋ ነው። በታርኩዊኒያ የአውጉሮች መቃብር ተብሎ በሚታወቀው፣ በ530 እና በ520 ቅ.ል.ክ. መካከል በተሳለው ክፍል ግን ጭንብል ያጠለቀ፣ ጺማም ሰው ውሻ በገመድ ይዞ ራሱ በጨርቅ የተሸፈነ ሰው ላይ ሲለቅ ይታያል፤ አጠገቡ «ፕሄርሱ» ተብሎ ተጽፏል። አሁን ቅጥያውን ጨምሩበት። «ና» በኤትሩስክኛ የ...የሆነ የሚል ድኅረ ቅጥያ ነው፦ «ሹትሂ» መቃብር፣ «ሹትሂና» የመቃብር የሆነ። ይህች ቃል ከሙታን ጋር በተቀበሩ የነሐስ ዕቃዎች ላይ ተቀርጻ ትገኛለች፤ ዕቃው ለሕያዋን አይመለስ ማለት ነው። ኬይክና በመሳሰሉት የቤተሰብ ስሞች ላይ ያለችውም ያችው ና ናት። ፕሄርሱ ላይ ና ሲጨመር የፕሄርሱ የሆነ ዕቃ፣ ጭንብል ይሆናል። የድምፁም የትርጉሙም መንገድ ክፍት ነው። ፕሄርሱ ራሱ ከግሪኩ ፕሮሶፖን መጣ የሚሉ አሉ፤ ያ የሚጠይቀው የአናባቢ መውደቅ ቃሉ ከተሳለበት ዘመን በኋላ የመጣ ስለሆነ አይዋጥልኝም።

«ሂስትሪዮ» (ተዋናይ) ደግሞ የጽሑፍ ምስክር የለውም፤ ያለን የሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ የሊዊዩስ ቃል ነው፦ በ364 ቅ.ል.ክ. ቸነፈር ጊዜ ሮማውያን ከኤትሩሪያ ጨፋሪዎችን አስመጡ፤ በአገራቸው «ኢስቴር» ይባሉ ነበር። ይቻላል ብለን እንለፈው።

ከላቲን ውጭ ትልቁ እገዛ የመጣው ከሴማዊ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ አንባቢም እዚህ ላይ ዘመድ ያገኛል። በ1964 እ.ኤ.አ. ፒርጂ በተባለው የካይሬ ወደብ ሦስት የወርቅ ገጾች ተገኙ፤ ዕድሜያቸው 500 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው። ሁለቱ በኤትሩስክኛ፣ አንዱ በፊንቄ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። የካይሬ ገዥ ትሄፋሪዬ ዌሊያናስ ለእንስቲቱ አምላክ ለአስታርት የተቀደሰ ስፍራ ማቅረቡን ይናገራሉ። በፊንቄው ገጽ ላይ ተነባቢዎቹን ብቻ ብታዩ ግእዝ የምታነቡ ይመስላችኋል፦ ቅ-ድ-ሽ (ቅዱስ)፣ ይ-ር-ሕ (ወርኅ)፣ ቅ-ብ-ር (ቀብር)፣ ክ-ክ-ብ-ም (ከዋክብት)። አስታርት የምትባለው አምላክም በዒዛና ጽሑፍ ላይ ከምናገኘው ዐስተር ጋር አንድ የስም ሥር አላት። የፊንቄው ጽሑፍ «ሽ-ን-ት ሽ-ል-ሽ»፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ሲል የኤትሩስኩ «ኪ አዊል» ይላል። አዊል ዓመት መሆኑ ከመቃብር ይታወቅ ነበር፤ ኪ ሦስት መሆኑ እዚህ ጸና። መጨረሻው ላይ ፊንቄው ከዋክብትን ሲጠራ ኤትሩስኩ «ፑሉምክህዋ» አለ፤ ክህዋ የግዑዝ ነገር ብዙ ቁጥር ነው። ግን ሁለቱ ጽሑፎች ቃል በቃል አይገጥሙም። አንዱን ቃል ከአንዱ ጋር በቦታ ቅደም ተከተል ለማጣመር የሞከሩ ሁሉ መሐል ላይ ተሰናክለዋል።

ከዚህ ዝምድና ተነሥቶ ኤትሩስክኛ ሴማዊ ነው ማለት ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ይህ ፈተና አሮጌ ነው፤ በ15ኛው ምእተ ዓመት አኒዮ ዳ ቪቴርቦ የተባለ መነኩሴ ቋንቋውን ከኖኅ ልጆች ጋር ሊያገናኝ ማስረጃ እስከ መፍጠር ደርሷል። ለእኛ የሚሆነው ወጥመድ «አፓ» ነው፤ አባት ማለት ነው፣ አባ ይመስላል። ሕፃን አፉን ሲፈታ የሚያወጣቸው ድምፆች በየቋንቋው ለወላጅ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ቃል የዝምድና ማስረጃ ሆኖ አይቆጠርም። እናትስ? «አቲ» ናት። «አማ» የሚል ቃልም አለ፤ እናት ሳይሆን «ነው» ማለት ነው። «ኔፍትስ» (የልጅ ልጅ) ከላቲኑ ኔፖስ ጋር ይመሳሰላል፤ እሱ ደግሞ ከኢጣሊያ ጎረቤቶች የተዋሰው ነው። ዝምድናው የጸናው ከሌምኖስ ደሴት ቋንቋና በአልፕስ ተራሮች ከነበረው ሬቲክ ጋር ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. ሌምኖስ ላይ የተገኘው ድንጋይ «አዊስ ሲያልክህዊስ» ይላል፤ የኤትሩስክ መቃብሮች «አዊልስ» እና «ሼያልክህልስ» ይላሉ። ሁለት ቃል አብረው፣ በአንድ ዓይነት ሰዋስው፣ በአንድ ዓይነት ቦታ ገጠሙ። የዝምድና ማስረጃ እንዲህ ነው።

የዛሬዎቹ የቶስካና ሰዎች በሁለት አናባቢ መሐል ያለውን ክ ወደ ህ ማላላታቸው የኤትሩስክ ውርስ ነው የሚባለውም አያስኬድም። የኤትሩስክኛ ክህ በየትኛውም ቦታ የሚቆም ራሱን የቻለ ድምፅ ነበር፤ የቶስካናው ህ በአናባቢዎች መሐል ብቻ የሚታይ ማላላት ነው። ደግሞም የቶስካናን አነጋገሮች ያለ ርኅራኄ የነቀፈው ጣሊያናዊው ገጣሚ ዳንቴ ስለዚህ አንድም ቃል አልተናገረም፤ የመጀመሪያው ወሬ የተሰማው በ16ኛው ምእተ ዓመት ነው።

ቁጥሮቹን ሳልነካ ልጨርስ አልችልም። 17 «ኪኤም ዛትህሩም» ነው፣ ሦስት ከሃያ ሲቀነስ፤ 18 «ኤስሌም ዛትህሩም»፣ 19 «ትሁኔም ዛትህሩም»። ላቲንም 18ን እና 19ን በመቀነስ ይላቸዋል። ከ1 እስከ 6 ያሉትን የምናውቀው በፓሪስ ከተማ ካሉ፣ በነጥብ ፈንታ ቃል ከተጻፈባቸው ሁለት የዝሆን ጥርስ ዳይዎች (ባለ ስድስት ፊት የመጫወቻ ጠጠሮች) ነው፦ ትሁ፣ ዛል፣ ኪ፣ ማክህ፣ ሁትህ፣ ሻ። ትሁ 1፣ ዛል 2፣ ኪ 3፣ ማክህ 5 ናቸው። ሁትህና ሻ ከ4 እና ከ6 የቱ የቱ ነው? በዳዩ ላይ ማክህ ከዛል፣ ትሁ ከሁትህ፣ ኪ ከሻ ፊት ለፊት ናቸው። ተቃራኒ ፊቶች 7 የሚሞሉ ከሆነ ሁትህ 6፣ ሻ 4 ይሆናል። ሌላው ወገን ግን ከድምፅ ይነሣል፦ በአቲካ የነበረው ቴትራፖሊስ፣ አራቱ ከተሞች ማለት ነው፣ ጥንት ሂቴኒያ ይባል እንደነበር የቢዛንቲዩሙ ስቴፋኖስ መዝግቧል፤ ሁትህ 4 ነው ማለት ነው። እኔ ለዳዩ አደላለሁ፤ የቦታ ስም ከሩቅ አገር አምጥቶ ቁጥር ላይ መለጠፍ ብዙ ጊዜ የሚያስተው ያው የመምሰል መንገድ ነው። ይሁንና የጥንት ዳይ ሁሉ 7 እንደማይሞላ መርሳት አይገባም። ጉዳዩ ጨዋታ አይደለም፤ ሼያልክህ የሚለው ቃል ከሻ የተሠራ አሥር ቤት ነውና፣ በመቃብሩ ላይ «አዊልስ ማክህስ ሼያልክህልስክ» የተጻፈለት ሟች በአንደኛው ስሌት የኖረው 45፣ በሌላው 65 ዓመት ነው።